ጉባኤ ሲበተን ማን ይጎዳል?

ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩ መጨረሻም የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ይህን ዛሬ የማነሣው ያለፈውን ሐዘን ለመቀስቀስ ሳይሆን ያን ጊዜ ያየነውን እንዳንረሳው ነው።

መንግሥት እንደ ብዙ ሀገሮች ሕዝቡን ሙሉ በሙሉ በቤቱ አልዘጋበትም። የቀን ሠራተኛው፣ የጉሊት ቸርቻሪዋና ሊስትሮው ሳይሠሩ ከዋሉ ጦማቸውን ያድራሉና። ስለዚህ ስብሰባ ተከልክሎ፣ ገበያው ግን ሰፋ ባለ ቦታ እንዲቀጥል ተደረገ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ የተዛወረው በዚህ ምክንያት ነው። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ አሠሪም ሠራተኛውን እንዲሁ እንዳያሰናብት ተደነገገ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም መንገደኛ ሲጠፋ አውሮፕላኖቹን ለዕቃ ጭነት አዋለ።

እነዚህ እርምጃዎች ብዙዎችን ደግፈዋል። ይሁን እንጂ በቅድሚያ የሚደርሱት ውል፣ ደመወዝ ወይም የባንክ ብድር ላለው ነው። ከሰው መሰብሰብ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ወገን ከሕጉ ጥላ ውጭ ይቀራል።

ያ ወገን በደጃችን ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ምእመናን በየቤታቸው ሲያከብሩ ሙዳየ ምጽዋቱ ጎደለ፤ ጧፍ የሚሸጡ እናቶች ገዢ አጡ፤ የአብነት ተማሪዎች ቁራሽ የሚለምኑበት ደጃፍ ተዘጋ። እኔ በማገለግልበት ደብር የነበረችው ጥቂት ገንዘብ ለአገልጋዮች ደመወዝ ትዋል ወይስ ለነዳያን ቀለብ ስንል ተከራክረን አመሸን። ክርክሩን ያከበደው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አልነበረም። በደጀ ሰላሙ የሚያድሩት ስንት እንደሆኑ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ለዓመታት ሳንቲም ዘርግተንላቸዋል፤ ስማቸውን ግን አልጠየቅንም። ይህን በኀፍረት እናገራለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አጥቢያ የነዳያኑን፣ የአረጋውያኑንና የአብነት ተማሪዎቹን መዝገብ ዛሬውኑ ያዘጋጅ፤ በየሩብ ዓመቱም ያድሰው። ሁለተኛ፣ ከገቢው መጠኑ በጉባኤ የተወሰነ ድርሻ ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ ለሕንፃም ቢሆን አይነካ። ሦስተኛ፣ ከአካባቢው እድሮች ጋር አስቀድሞ ይመከር፤ ቤት ለቤት ማን እንደተራበ ከእድር ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ዮሴፍ በግብፅ ጎተራውን የሠራው ረኃቡ ሳይገባ ነው። እኛም ጃንሜዳን እናስታውስ፤ ታቦታት የሚያድሩበት ሜዳ ለወራት የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆኖ ከቆየ በኋላ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ተጸድቶ ተመለሰ። ሜዳው ለሁለቱም በቅቷል። የእኛም ደጅ ለጸሎትም ለተራበውም እንዲበቃ መዝገቡንና ጎተራውን አሁን እናሰናዳ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።