ባክቴሪያ የሰውን ጂን እንዴት ያነባል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)





ከመካከላችን የስኳር በሽታ ያለበት አንድ ጓደኛ አለን። ምሳውን ከመብላቱ በፊት ኢንሱሊን በመርፌ ይወስዳል። አንድ ቀን፥ «ይህን መድኃኒት የሚሠራልኝ ባክቴሪያ ነው ይላሉ፤ ባክቴሪያ የሰውን ጂን ማንበብ ከወዴት ተማረ?» ብሎ ጠየቀን። ያን ዕለት መልስ አጣን። የዛሬው ንግግራችን የዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

አስቀድመን ወደ እናቶቻችን ማድ ቤት እንግባ። በቡሃቃው ውስጥ ያለው እርሾ የሁለት ዓይነት ሕያዋን ማኅበር ነው፤ አንደኛው ባክቴሪያ፥ ሁለተኛው ይስት የሚባለው ፈንገስ ነው። ሁለቱም የዘራቸውን ጽሑፍ በዲ.ኤን.ኤ. ይይዛሉ፤ ፊደላቸውም አንድ ነው። ቤታቸው ግን ይለያያል። የባክቴሪያው ቤት ጓዳ የሌለው አንድ ክፍል ነው። ይስቱ ግን እንደ ጤፍና እንደ ሰው ሴል ኒውክለስ የሚባል ጓዳ አለው፤ ዲ.ኤን.ኤውም በዚያ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ከዚህ ጋር ሁለት ታላላቅ ልዩነቶች አሉ። ፊተኛው የአቀማመጥ ነው። በባክቴሪያ ዘንድ ለአንድ ሥራ የሚተባበሩ ጂኖች ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይሰለፋሉ፤ አንድ ማብሪያም ሁሉንም ያዝዛቸዋል። ፈረንሳውያኑ ዣኮብና ሞኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ይህን በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ አስረዱ። የወተት ስኳር ሲመጣ ሦስቱ ጂኖች አብረው ይነቃሉ፤ ሲያልቅም አብረው ያርፋሉ። በ1965 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በሰው ሴል ግን እያንዳንዱ ጂን በአብዛኛው የራሱ ማብሪያ አለው። የኢንሱሊን ጂን ከሞላ ጐደል በሁሉም ሴላችን ውስጥ ቢገኝም፥ ኢንሱሊን የሚያመርቱት በቆሽት ያሉ የተለዩ ሴሎች ናቸው።

ሁለተኛው የአነባበብ ነው። ባክቴሪያ ጓዳ ስለሌለው፥ አር.ኤን.ኤ. የሚባለው የጂን ቅጂ ተጽፎ ሳያልቅ ፕሮቲኑ መሠራት ይጀምራል። በእኛ ሴል ግን ቅጂው በመጀመሪያ በጓዳው ውስጥ ይታረማል። በጂኑ መካከል ለፕሮቲኑ የማይፈለጉ፥ ኢንትሮን የሚባሉ ክፍሎች ገብተዋልና እነርሱ ተቈርጠው ይወጣሉ፤ የቀረው ይገጣጠማል። ይህንም ሻርፕና ሮበርትስ በ1977 በየበኩላቸው አገኙት። የሰው የኢንሱሊን ጂን ሁለት ኢንትሮኖች አሉት። ባክቴሪያ እንዲህ ያለውን ቅጂ የሚያርምበት መሣሪያ ስለሌለው፥ ጂኑ እንዳለ ቢሰጠው አበላሽቶ ያነበዋል።

እንግዲህ የጓደኛችን ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ባክቴሪያው አዲስ ንባብ አልተማረም፤ ጽሑፉ ለእርሱ እንዲመች ሆኖ ተጻፈለት እንጂ። በ1978 በካሊፎርኒያ የነበሩ ሊቃውንት ኢንትሮን የሌለበትን ጽሑፍ በኬሚስትሪ ሠርተው፥ ያንኑ ዣኮብና ሞኖ ባስረዱት የወተት ስኳር ማብሪያ ሥር አስገቡት። ኢንሱሊን ሁለት ሰንሰለቶች ስላሉት፥ ሁለቱን በተለያዩ ባክቴሪያዎች ካሠሩ በኋላ አጋጠሟቸው። መድኃኒቱም በ1982 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ለሕሙማን የሚሰጠው ኢንሱሊን ከከብትና ከዐሣማ ቆሽት የሚወጣ ነበር። ዛሬ ግን ከባክቴሪያ ሌላ ይስትም ይሠራዋል።

አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይላሉ። ባክቴሪያም እንደ ቤቱ ያነባል፤ ይህን ልዩነት ያወቁ ሰዎች የብዙ ሕሙማንን ሕይወት አተረፉ። እኛ በቦሌ የምንማር ልጆች አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ድምፁ ትምህርታችንን ያቋርጥብናል እያልን እናጕረመርም ነበር። ዛሬ ግን ከጭነቱ መካከል በቅዝቃዜ ተጠብቆ የሚመጣ መድኃኒት ሊኖር እንደሚችል እናስባለን። ከእኛም ይህን ጥበብ ተምረው አገራቸውን የሚረዱ ይገኙ ዘንድ ምኞታችን ነው።