ፀሐይ የማይደርስበት ኑሮ



ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ወርዳችሁ ፍልውሃ ታጥባችሁ ይሆናል። ውሃው በመሬት ሆድ ውስጥ ሞቆ የመጣ ነው። ሙቅ ውሃ ከባሕር ወለልም ይፈልቃል።

እኔ በክፍል ውስጥ «ያለ ፀሐይ ሕይወት የለም» ብዬ አስተምር ነበር። ተሳስቻለሁ።

በ1993 ዓ.ም. በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ አንድ ፍልውሃ ተገኘ። «የጠፋችው ከተማ» አሉት። እዚያ ከምድር ጥልቅ የመጣ አለት አለ። የባሕር ውሃ በስንጥቁ ሲገባ አለቱ ይለወጣል። ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝም ይወጣል። ይህን ጋዝ ተመግበው የሚኖሩ ተሕዋስያን አሉ። በዓይን አይታዩም። ሊጥ የሚያቦኩትንስ መቼ አየናቸው?

በ2015 ዓ.ም. ሊቃውንት በዚያው አጠገብ 1268 ሜትር ቆፍረው አለት አወጡ። ሕይወት እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ ለማወቅ ነው።