አነስተኛው ሃይብሪድ መኪና በጨፋ መንገድ፤ የባለቤቱ ደስታና ቅሬታ ከየት ይመጣል?

አንድ አውቶሞቢል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ በሻይ ቤትም በጋራዥ ደጃፍም ዘወትር ይነሣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መኪናው ብቻ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚጫንበት፣ ሲበላሽም በማን እጅ እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በሁለት ዐይነት ኀይል የሚነዳው፣ በተለምዶ ሃይብሪድ የሚባለው አነስተኛ መኪና ከዚህ ዐይነቱ ፍርድ ብዙ በደል ደርሶበታል፤ ያለ ልኩ ተሞግሷል፣ ያለ ልኩም ተነቅፏል። ይህ ንግግር የሚመለከተው ይኸው መኪና ከአዲስ አበባ ወጥቶ በከሚሴ መንገድ ሲሄድና በጨፋ ሮቢት ሲኖር ባለቤቱን በምን እንደሚያስደስት፣ በምንስ እንደሚያሳዝን ነው።

ስለ አሠራሩ በዚህ ጉባኤ ፊት ብዙ መናገር ለቀባሪ ማርዳት ስለሚሆን፣ ለነገሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማስታወስ ይበቃል። በብዛት ከተመረቱት ሃይብሪድ መኪኖች የመጀመሪያው ቶዮታ ፕሪየስ በጃፓን ለገበያ የቀረበው በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ነበር። ከ2003 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሁለተኛው ትውልድ ለምሳሌ ቢወሰድ፣ 57 ኪሎዋት ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተርና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች በአንድ የፕላኔት ማርሽ ተያይዘውበታል። ከኋላ መቀመጫው ጀርባ 28 የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ጥቅሎች በተርታ ተያይዘው 201.6 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ ይገኛል። የባትሪው ጠቅላላ አቅም 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ዕድሜውን ለመጠበቅ ሲል ከሞላ ጎደል ከመቶ 40 በታች እንዲወርድም ከመቶ 80 በላይ እንዲሞላም አይፈቅድም። ስለዚህ በእርግጥ ለሥራ የሚውለው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህች ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እስከ ንግግሩ መጨረሻ ድረስ እንዳትረሳ ያስፈልጋል።

አሁን በጨፋ ሮቢት የሚኖር አንድ ነጋዴ እንዳለ እናስብ። የብዙ ዓመት ቁጠባውን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ደላላውም እንዲህ ያለውን መኪና አሳይቶ «ይህች ቤንዚን አትበላም፤ እያሸተተች ነው የምትሄደው» ይለዋል። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው እየተነሣ በመጣበት ዘመን ከዚህ የበለጠ የሚማርክ ቃል የለም። ደላላው ፈጽሞ ዋሽቷል ማለት አይቻልም። ነገር ግን እውነቱ የየትኛው መንገድ እውነት ነው?

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ገዢዎች ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ያው የሁለተኛው ትውልድ መኪና መጀመሪያ በወጣለት የመንግሥት መለኪያ መሠረት በአንድ ሊትር ቤንዚን በከተማ ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ በአውራ ጎዳና ደግሞ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ተብሎ ነበር። ብዙ ባለቤቶች ይህን ማግኘት ስላቃታቸው ቅሬታቸውን አሰሙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የመለኪያ ዘዴውን ወደ እውነተኛው አነዳድ ሲያቀርበው፣ ቍጥሩ በከተማ ወደ 20፣ በአውራ ጎዳና ወደ 19 ኪሎ ሜትር ወረደ። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተስፋው ነው። ከዚህም ላይ የከተማው ቍጥር ከአውራ ጎዳናው መብለጡን ልብ ይሏል። ተራው መኪና በከተማ ብዙ ይበላል፣ በገጠር መንገድ ይቆጥባል፤ ይኸኛው ግን በየመብራቱ ሲቆም ሞተሩን ስለሚያጠፋና ፍሬን ሲያዝ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ጥቅሙ የሚጎላው በመገናኛና በሜክሲኮ አደባባይ መጨናነቅ ውስጥ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ በተከፈተ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ግን ብልጫው ይጠብባል።

የመንገዱ ዋና ፈተና ያለው ከዚያ በፊት ነው። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር የደረሰ መንገደኛ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዋሻውን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ነጋዴው ከሦስት ሰዎች ጋር ተሳፍሮ የመኪናው ጠቅላላ ክብደት 1,600 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በዚህ የ1,700 ሜትር ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ጎማውና ነፋሱ የሚወስዱት ተቀንሶ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይተርፋል። ባትሪው ባዶውን ቢጀምር እንኳ የሚቀበለው ግማሽ ነው፤ ማለትም ከአሥር እጅ አንዱን። ያን ሁሉ ተራራ የወረደ መኪና ከተራራው ተመልሶ የሚያገኘው ወደ ቤንዚን ሲመነዘር ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም። «ቁልቁለቱን በነፃ ይሞላል» የሚባለው ወሬ ሐሰት ባይሆንም ልኩ ይህ ነው።

ጉዳዩ የቁጠባ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚሁ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ባትሪው ከሞላ በኋላ ያ የተረፈው ጉልበት ሁሉ የሚሄድበት ይፈልጋል። ነጂው የፍሬን ፔዳሉን እንደ ረገጠ ከቀጠለ ሥራው በሙሉ ወደ ፍሬን ሸራው ይዛወርና ይግላል። ፋብሪካው ለዚህ ሲል «ቢ» የሚል ፊደል የተጻፈበት የማርሽ ቦታ አበጅቷል። በዚህ ቦታ መኪናው ያለ ቤንዚን የራሱን ሞተር እያሽከረከረ ጉልበቱን በሞተሩ ውስጥ ያባክናል፤ ተራው ነጂ ማርሽ ቀንሶ እንደሚወርደው ማለት ነው። ባለቤቱ ግን ይህን ያስረዳው የለም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዝም ሲል የኖረው ሞተር ቁልቁለቱ መካከል በድንገት ሲጮኽ ይደነግጥና ዘንጉን ወደ ተራው ቦታ ይመልሰዋል፤ ጩኸቱ ይጠፋል፣ ፍሬኑም መጋል ይጀምራል። ከተለመዱት ቅሬታዎች ሁሉ ይህ የሚለይበት ምክንያት አለው፤ ባለቤቱ ብልሽት ብሎ የሚያማርረው ነገር ሕይወቱን የሚጠብቅለት ሥራ ነው፣ ደስ ያሰኘው ጸጥታ ደግሞ አደጋው ነው።

ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል። የባትሪው እገዛ ዳገቱ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቅና የቤንዚኑ ሞተር ብቻውን ይቀራል። በጣርማ በር ከፍታ ደግሞ የአየሩ ጥግግት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በእርጋታ ለሚወጣ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ መኪናው ዳገት አይፈራም። የሚያሳዝነው ጭነቱን ተሸክሞ የሚያቃስተውን ሲኖትራክ ለመቅደም የሚሞክረውን ብቻ ነው።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ መንገዱ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በካራቆሬ በኩል ወደ ጨፋ ይገባል። እዚህ መኪናው ፋብሪካው ያላሰበውን አገር ያገኛል። በበጋ ወራት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው ወደ ቦርከና ረግረግ ሲወርዱ መንገዱ ለብዙ ደቂቃ ይዘጋል። በመንጋው ኋላ በእግር ፍጥነት የሚሳበው ሃይብሪድ ሞተሩን አጥፍቶ በኤሌክትሪክ ብቻ ይከተላል፤ ጎኑ ያለው ሚኒባስ ናፍጣውን ሲያቃጥል እርሱ ምንም አያቃጥልም። የባለቤቱ ደስታ እዚህ ላይ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ግመሉም እረኛውም መኪናው መምጣቱን አይሰሙም፤ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ መካከል የሚያልፍም እንዲሁ። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ድምፅ አልባ መኪኖች ማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲኖራቸው የሚያዘው ሕግ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራው የነጋዴያችን መኪና ከጥሩምባው በቀር ሌላ አፍ የለውም።

የቆላው ሙቀትና አቧራ የሚጎዱት ዋናውን ባትሪ ነው። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከኋላ መቀመጫው አጠገብ ካለች ትንሽ የአየር ማስገቢያ በማራገቢያ በሚሳብ የመኪናው ውስጥ አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህች ቀዳዳ መኖሯን ሳያውቁ ዓመታት ማሳለፍ ይቻላል። በጨፋ ግን ኋላ መቀመጫ ላይ የማሾ ጆንያ ይጫናል፤ ጆንያው ቀዳዳዋን ይደፍናል፣ ብናኙም ማራገቢያውን ይሞላዋል። ኒኬል ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት ዕድሜው ያጥራል። «የጃፓን ባትሪ አይበረክትም» የሚል ሰው ቢገጥመን ታዲያ አስቀድሞ ጆንያውን ማስነሣት ይሻላል። በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ከ320 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ የ2002 ሞዴል ፕሪየስ ፈትኖ፣ ጥቂት ብቻ ከተነዳ መሰሉ እምብዛም እንደማይለይ አረጋግጧል። ብርዱ እጅግ በሚከፋው በሞንጎሊያ ዋና ከተማም ያገለገሉ ፕሪየሶች መንገዱን ሞልተውታል። መኪናው ደካማ አይደለም፤ የሚፈልገው አየር ነው።

ሌላው የቅሬታ ምንጭ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። እርሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናው አይነሣም፤ ኮምፒዩተሩን የምታስነሣው እርሷ ናትና። በአገራችን ልማድ ደግሞ መኪና አልነሣ ሲል ጎረቤት ተጠርቶ ይገፋል። ይህን መኪና ግን ገፍቶ ማስነሣት አይቻልም፤ ፍሪሲዮንም ተለምዷዊ ካምቢዮም የለውም። መንደሩ ላቡን አንጠፍጥፎ ሲያበቃ መፍትሔው ከሌላ መኪና በሁለት ሽቦ ኤሌክትሪክ መበደር ሆኖ ይገኛል።

ደስታውም በዚያው ልክ መነገር አለበት። ሞተሪኖና ዲናሞ ስለሌለው እነርሱን ማሠራት የለበትም፤ ማቆሙን አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሚሠራ የፍሬን ሸራው ከተራ መኪና እጅግ ይበረክታል። ከሁሉም በላይ ሶኬት አይፈልግም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መበርከቱ ደግ ነው፤ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የሚበልጥ ባትሪ የያዘው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ደብረ ብርሃን ላይ እስከ አፉ ካልተሞላ በቀር፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ያለ ችግር ይውጠዋል። ነገር ግን መሙያ ጣቢያው በአመዛኙ አዲስ አበባ ላይ ተከማችቶ ባለበት ጊዜ የጨፋ ሮቢት ሰው መብራት በጠፋበት ሌሊትም ተነሥቶ የሚሄድ መኪና መውደዱ አያስደንቅም።

ዋናው ኀዘን የሚመጣው ትልቁ ባትሪ ሲደክም ነው። በአውራጃው ያለ መካኒክ የባጃጅን ሞተር ዐይኑን ጨፍኖ ይፈታል፤ 28 ጥቅል ያለው ባትሪ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቅሎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆነ የሁሉም አቅም የደካማው አቅም ነው። ደካማው ወጥቶ አዲስ ሲገባ መኪናው ይድናል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እኩያው የነበረው ይወድቃል፣ ከዚያም ሌላው። ባለቤቱም መካኒኩ ያታለለው ይመስለዋል። ለዚህ የሚሻለው መድኃኒት ከመግዛት በፊት ነው፤ የመኪናው ኮምፒዩተር ጥቅሎቹን በ14 ጥንድ ከፍሎ የእያንዳንዱን ቮልቴጅ ይመዘግባል፤ በአነስተኛ የማንበቢያ መሣሪያ ዳገት ላይ እየነዱ ጥንዶቹን ማወዳደር ይቻላል። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወደቀ ነጋዴው ዋጋውን መቀነስ ወይም ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ከፍ ካደረገው ወዲህ፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባን በደላላ ቃል ማውጣት ከቀድሞው የበለጠ አስፈሪ ሆኗል።

ከገንዘቡ የሚብስም አለ። 201.6 ቮልት ሰው ይገድላል። የባጃጅ ሽቦ የለመደ እጅ ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ወፍራም ገመድ እንደ ማንኛውም ገመድ እንዳይነካ፣ ማኅበሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ አንድ ገጽ አሳትሞ በከሚሴና በጨፋ ሮቢት ጋራዦች ግድግዳ ላይ ቢያስለጥፍ ወጪው ጥቂት ነው። በገጹ የሚሰፍረውም አጭር ነው። መኪናው ይጠፋል፤ ቁልፉ ርቆ ይቀመጣል። የትንሿ ባትሪ ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጓንት ከተጠለቀ በኋላ ከኋላ በኩል ያለው የትልቁ ባትሪ ማቋረጫ መሰኪያ ተነቅሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው በሠራተኛው ኪስ ይገባል። ከዚያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ቮልት ሜትሩ ዜሮ እስኪያሳይም ድረስ ብርቱካንማውን ገመድ የሚነካ አይኖርም።