የትምህርት ዋጋና የምንፈርመው ውል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



የበዓል ንግግር እንደ ልማዱ ያለፈውን ዘመን የሚያወድስ ነው። እኛ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን ግቢ ተሰናብተን የምንወጣ ስለ ሆንን፣ ከበሩ ውጪ ስለሚጠብቀን አንድ ጉዳይ ለመናገር መርጠናል። ይኸውም የከፍተኛ ትምህርትን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? የሚከፍለውስ ስንት ነው? ከፋዩ ሰው ዕዳውን አስቀድሞ ያውቀዋልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ ወደ ለገሐር የሚወርደውን የቸርችልን ጎዳና በየቀኑ እንመላለስበታለን። በግራና በቀኙ ሊሴ ገብረ ማርያም፣ ዋናው ፖስታ ቤትና የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቆመው ይታያሉ። በነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩት መምህር፣ ሒሳብ ሹምና ሐኪም ሁሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ለያንዳንዳቸውም ትምህርት አንድ ሰው ከፍሏል። ወይ አባት ከፍሏል፣ ወይ ራሱ ተማሪው ከፍሏል፣ ወይም ደግሞ ስሙ የማይጠራ ገበሬ በግብሩ ከፍሏል። ሳይከፈልበት የተገኘ ትምህርት የለም፤ የማይታየው ከፋዩ ብቻ ነው።

እንደሚታወቀው የአገራችን የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነበር። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ተማሪው የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፣ ምግቡንና መኝታውንም ከመንግሥት ያገኝ ነበር። በዚያን ጊዜ የተማረ ሰው ጥቂት፣ አገሩ የሚፈልገው ባለሙያ ደግሞ ብዙ ስለ ነበረ አሠራሩ የሚያስደንቅ አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያለ ክፍያ ቀጠለ። አያቶቻችንና አባቶቻችን «መንግሥት አስተማረን» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል። ቁጥሩ ሲበዛ ወጪውም አብሮ በዛ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪው የወጪው ተካፋይ እንዲሆን አሳሰበ። ይህ አሳብ በሕግ የጸናው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲሆን፣ ዝርዝሩም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ተወሰነ። ደንቡ በኋላ በቁጥር 154/2000 ተተካ። አዋጁም በቁጥር 650/2001፣ ቀጥሎም በቁጥር 1152/2011 ተተካ። የሕጉ ቁጥር ሲለዋወጥ ቢቆይም ዋናው መሠረት፣ ማለት ተማሪው ወጪውን ይጋራል የሚለው፣ እንዳለ ኖሯል።

ከመካከላችን ስንቶቻችን ይህን ሕግ እናውቃለን? ደንቡን በቀላል አነጋገር እንደሚከተለው ማስረዳት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ በሦስት ይከፈላል፤ አንደኛው ምግብ፣ ሁለተኛው መኝታ፣ ሦስተኛው የማስተማሪያው ወጪ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተደነገገው መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ዋጋ ተማሪው በሙሉ ይሸከማል፤ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 ከመቶውን ይሸከማል። የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማርና የዩኒቨርሲቲውን ምግብና መኝታ የማይወስድ ተማሪ ግን የነዚህ የሁለቱ ዕዳ የለበትም። ገንዘቡ በምዝገባ ቀን አይጠየቅም፤ ተማሪው ውል ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም አሠሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየቀነሰ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። በመምህርነት ሙያ የሚሰማሩት ደግሞ ዕዳቸውን በአገልግሎት የሚከፍሉበት መንገድ ተደርጎላቸዋል።

ይህን ያህል ካወቅን ዘንድ አንድ ጊዜ እርሳስ አንሥተን እናስላ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይመደብ የነበረው ገንዘብ 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተወስኗል። ተማሪ በሰሐን ላይ የሚቀርብለት እንዲሻሻል የማይወድ የለም፤ እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን የምግቡ ዋጋ በሙሉ በተማሪው ላይ ይታሰባል የሚለው ደንብ በዚህ ተመን ላይ ቢሠራበት ምን እንደሚሆን እንይ። የትምህርቱን ዓመት 300 ቀን ብለን ብንይዝ፣ በ22 ብር ሒሳብ የዓመቱ ምግብ 6,600 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሒሳብ 30,000 ብር ይሆናል። በአራት ዓመት የመጀመሪያው 26,400፣ ሁለተኛው 120,000 ብር ይደርሳል ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ምሩቅ በየወሩ 1,000 ብር ቢከፍል፣ ለምግቡ ብቻ 120 ወር፣ ማለት 10 ዓመት ሙሉ ይከፍላል። መኝታውና የማስተማሪያው ድርሻ ገና አልተቆጠረም። ደመወዙ ሲያድግ የሚከፍለውም ያድጋልና ዘመኑ ሊያጥር ይችላል፤ ሆኖም ውል የሚፈርም ሰው ይህን ስሌት ከመፈረሙ በፊት ማየት ይገባዋል እንላለን።

ይህን ስንል «ተማሪ ምንም አይክፈል» ማለታችን አይደለም። በክፍላችን ውስጥ በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «አባቶቻችን በነጻ ተምረው እኛ ለምን እንከፍላለን?» ብለዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልስ አለው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተፈታኙ ሁሉ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ ከመቶ ልጆች ዘጠና ሰባት ያህሉ የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኙ ቀሩ ማለት ነው። የነዚያ ልጆች ወላጆች ግን ሳሙናና ጨርቅ በገዙ ቁጥር ግብር ይከፍላሉ። ያልተማረው ሰው ለተማረው ሁሉን ከፍሎ፣ የተማረው ከደመወዙ ምንም ሳይመልስ ቢቀር ፍርድ አይሆንም። ብድር በምድር ነው። ስለዚህ የመጋራቱን ነገር ብዙዎቻችን ተቀብለነዋል።

ያልተቀበልነው አለማወቁን ነው። ሒሳቡ በግልጽ ስለማይነገር በመካከላችን ሁለት ዓይነት ስሕተት ነግሷል። አንዳንዱ ጓደኛችን ዩኒቨርሲቲ አሁንም ነጻ ነው ብሎ ያምናል፤ እንዲህ ያለው የሚፈርመውን ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል፣ ዕዳውንም የሚያውቀው ተመርቆ ዋናውን ዲግሪውን ሲጠይቅ ነው። ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ ዋናው ማስረጃ የማይሰጥበት አሠራር የቆየ ነውና። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ በተቃራኒው ይፈራል። እናቱ እንጀራ እየጋገረች የምታሳድገው ልጅ «በምዝገባ ቀን ብዙ ገንዘብ ይጠየቃል» የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ፈተናውን ባልፍ እንኳ ከምማር ሥራ ብፈልግ ይሻላል ሲል ሰምተነዋል። አንዱ በከንቱ ተዘናጋ፣ ሌላው በከንቱ ተሸበረ፤ ሁለቱንም ሊያድን የሚችለው አንድ ገጽ ሒሳብ ነበር።

በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ያለውን ልማድ ሁላችንም እናውቃለን። ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን በገዢው ዓይን ፊት በሚዛን ላይ ያስቀምጣል፤ ግራሙ ይታያል፣ የግራሙ ዋጋ ይነገራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ገንዘብ የሚቆጠረው። ለአንዲት ቀለበት እንዲህ ከተደረገ፣ ለአራት ዓመት ትምህርት ሚዛኑን ከገዢው ፊት ማራቅ ምን ይባላል? በወንጌልም ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው የተነገረውን ምሳሌ ተምረናል፤ ምሳሌው የሚያስተምረን መሠረቱን ከመጣል በፊት ወጪውን ተቀምጦ ማስላት የብልህ ሥራ መሆኑን ነው።

ይህ ጉዳይ የኛ አገር ብቻ አይደለም። አውስትራልያ ተማሪ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ከገቢው የሚከፍልበትን ሥርዓት ያቆመችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ጎረቤታችን ኬንያ የከፍተኛ ትምህርት ብድር የሚሰጥ ቦርድ በ1995 እ.ኤ.አ. በሕግ መሠረተች። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ ኮሌጆች ተማሪው እርዳታው ተቀንሶለት በእውነት የሚከፍለውን ዋጋ የሚገምትበት ማስሊያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ አስገደደ፤ ይህም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው አገር ሐምሌ 4 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕግ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለሚማሩት ይሰጥ የነበረውን አንዱን ሰፊ የብድር ዓይነት ከሐምሌ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቷል። ባለጠጋው አገር እንኳ ስለ ትምህርት ዋጋ ሕጉን በየጊዜው ይለዋውጣል። ስለዚህ ተማሪ ሕግን መከታተል የሕግ ባለሙያ ሥራ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባውም።

በአገራችንም አዲስ ነገር መጥቷል። የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ በኋላ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የራሱን መግቢያ ፈተና መስጠትና መንግሥት ከሚያስተምራቸው ሌላ በግላቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ የቀድሞው ሥርዓት «ተማር፣ ኋላ ትከፍላለህ» ይል ነበር፤ በግሉ ለሚማረው ግን ቃሉ «ከፍለህ ተማር» ሆኗል። የኛ ትምህርት ቤት ካለበት ሰፈር እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ በእግር የሚደረስ ነው፤ ነገር ግን ለአንዳንዱ ልጅ ያ አጭር መንገድ በገንዘብ ምክንያት ሊረዝምበት ይችላል። ስለዚህ ማን በመንግሥት ወጪ እንደሚማር፣ ማን በግሉ እንደሚከፍል፣ ክፍያውም ስንት እንደ ሆነ ፈተናው ሳይደርስ መታወቅ አለበት።

ታዲያ የምንለምነው ምንድን ነው? ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ተማሪ ውሉን ከመፈረሙ በፊት የምግቡ፣ የመኝታውና የማስተማሪያው ድርሻ በብር ተጽፎ በእጁ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ መጨረሻ የተጠራቀመው ዕዳ ከውጤቱ ወረቀት ጋር ይነገረው፤ ውጤቱን በየዓመቱ የሚያውቅ ተማሪ ዕዳውን ስለምን በመጨረሻ ብቻ ያውቃል? ሦስተኛ፣ የምግብ ተመን ወይም ሌላ ክፍያ ሲጨምር ጭማሪው በማን ላይ እንደሚያርፍ በዚያው ቀን ይገለጥ። እነዚህ ሦስቱ የመንግሥትን ካዝና የሚያጎድሉ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ቀለምና ወረቀት ነው።

ከሌሎች የምንለምነውን ያህል ከራሳችንም የምንጠብቀው አለ። ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ታትሞ ይወጣል፤ ማንበብ የምንችለውን ነገር ሳናነብ «አልተነገረንም» ብንል ማን ያምነናል? ስለዚህ የዘንድሮ ተመራቂዎች ደንቡን በቡድን ሆነን አንብበን፣ ፍሬ ነገሩን በአንድ ወረቀት ጽፈን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ከኛ በኋላ የምትመጡ የ11ኛ ክፍል ወንድሞችና እኅቶች ተመኑ በተለወጠ ቁጥር ወረቀቱን እንድታድሱት አደራ እንላለን።

ለወላጆቻችን ደግሞ እንዲህ እንላለን፤ ልጃችሁ የመንግሥት ምደባ አግኝቶ በወጪ መጋራት የሚማር ከሆነ ዕዳው የሚከፈለው ከልጁ የነገ ደመወዝ እንጂ ከእናንተ የዛሬ መቀነት አይደለም፤ ስለዚህ በወሬ ፈርታችሁ አታስቀሩት። ለጓደኞቻችንም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው እንዳይሆንብን፣ ከቤታችን ተመላልሰን መማር የምንችል ሰዎች የማያስፈልገንን ዕዳ አንፈርም። የሚያስፈልገንን ዕዳ ግን አንፍራው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለው ያስተማሩን አባቶች ትምህርት ዋጋ እንዳለው አልካዱም፤ ዋጋውን ከፍሎ የሚያስቆጭ እንዳልሆነ ግን ያውቁ ነበር።

መጪው ፈተና ለሁላችንም የተቃና እንዲሆን፣ ትምህርት ቤታችንም ገና ብዙ የምሥረታ በዓል ለማክበር እንዲበቃ እንመኛለን።