የበረንዳው መስታወት ሲሰነጠቅ

(በአረጋውያን ሞአዶን አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ካደረገችው ንግግር)

ዛሬ ስለ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ወረቀት አላወራም፣ እሱን ሌላ ቀን። ዛሬ የማወራው ስለ በረንዳችሁ ነው። በተለይ በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች በረንዳ ላይ ዙሪያውን ስለተገጠመው መስታወት፣ በዕብራይስጥ «ማአቄ» ስለሚሉት መከታ።

ማአቄ ካብላኖች ያመጡት ቃል አይደለም፤ የኦሪት ቃል ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን ታዟል። ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በአገር ቤት ግን በሣር ክዳን ላይ ወጥቶ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም አይደል? ትእዛዙ በየቀኑ የሚነካን እዚህ መጥተን አምስተኛ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ከኖርን ወዲህ ነው።

ይህን ንግግር ያመጣው አንድ ጉብኝት ነው። አንዲት እናት ቤት ስሄድ የበረንዳው መስታወት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። እሳቸው አንሶላ ጣል አድርገውበታል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው። «ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነው ልጄ፣ ግን ጠንካራ ነው፣ ይኸው ተሰንጥቆም አልወደቀም» አሉኝ። ለማን እንደነገሩ ስጠይቃቸው «ሰው ማስቸገር አልወድም» አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያው በረንዳ ላይ አራት የልጅ ልጆች ይጫወታሉ።

«ተሰንጥቆም አልወደቀም» የሚለውን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

የመስታወት ዓይነቱ ብዙ ነው። ተራው መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ የሚቆርጥ ስባሪ ይሆናል፤ ለመከታ አይሆንም። «መሑሴሜት» የሚሉት በጣም ግሎ ቶሎ የቀዘቀዘ መስታወት ነው። ፊቱን ብትመቱት ጠንካራ ነው፣ ጠርዙን ቢመቱት ግን ደካማ ነው። የተሰበረ እንደሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደ ሻካራ ጨው ይረግፋል። አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ሲፈነዳም ይታያል፤ ፋብሪካ ውስጥ ሳለ ገብታ የቀረች ቅንጣት ጊዜ ጠብቃ ትሰብረዋለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የልጅ ልጆቻችሁን አትቆጡ፣ ላይሆኑ ይችላሉ። ሦስተኛው «ረቡዳ» ነው፣ «ትሪፕሌክስ»ም ይሉታል፤ ሁለት መስታወት በመካከላቸው እንደ ላስቲክ ያለ ግልጽ ስስ ነገር ይዞ የተጣበቀ ነው። ሲሰበር ስባሪው ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

እንግዲህ የእኚያ እናት መስታወት ያልወደቀው ላስቲኩ ስለያዘው ነው። ላስቲኩ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ከታች የሚያልፍ ሰው እንዳይጎዳ፣ እናንተም ለመራቅ ጊዜ እንድታገኙ። መስታወቱ ግን ጉልበቱን አጥቷል። የተደገፈበት ሰው ወይም ሮጦ የመጣ ልጅ ከባዶ አየር የሚለየው ያ ስስ ላስቲክ ነው። የተሰነጠቀ መከታ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። የዚያኑ ዕለት የበረንዳውን በር ቆልፉ፣ ትሪሱን አውርዱ፣ ልጆች እንዳይወጡ አድርጉ። አንሶላውን ግን አንሡት፤ ነፋስ ሲገባበት ይጎትታል፣ ደግሞም አደጋውን ይሸፍነዋል።

ያልተሰነጠቀ መስታወት ያላችሁም ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። በዚህ አገር ለመከታ የወጣው ደንብ የእስራኤል ስታንዳርድ 1142 ይባላል፣ ለሕንፃ መስታወት ደግሞ 1099 አለ። ቁጥሩን እናንተ ባትይዙትም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ባለሙያ ሲመጣ ይጠይቁት። የመከታው ከፍታ ከወለሉ ጀምሮ 1.05 ሜትር መድረስ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ በአሮጌው ወለል ላይ ሌላ ንጣፍ ካስነጠፋችሁ ወለሉ ከፍ ይላል፣ መከታው ያጥራል። አግዳሚ ወንበር፣ የአበባ ሣጥን፣ የበርበሬ ማስጫ ጠረጴዛ መከታው ሥር ካስጠጋችሁም ለሕፃን ልጅ እንደ ደረጃ ነው። ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉ፣ ማን ይከለክላችኋል፣ ግን ወንበሩ ወደ ግድግዳው ይጠጋ። እንግዳ ሲሄድም ወንበሩ ወደ ውስጥ ይግባ።

ክፍተትም አለ። በመስታወቱና በወለሉ መካከል፣ ወይም በብረቱና በብረቱ መካከል፣ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኳስ ማለፍ የለበትም። ሜትር ከሌላችሁ ጭብጣችሁን አስጠጉት፤ ጭብጥ እንደ ልብ የሚወጣበትና የሚገባበት ከሆነ ባለሙያ ይየው።

መስታወቱን የያዙትን ብሎኖችም እዩ። ባሕር አጠገብ በሚገኙ እንደ ኔታኒያና አሽዶድ ባሉ ከተሞች ጨዋማው አየር ብረት ይበላል። ቡናማ ዝገት ወርዶ ካያችሁ፣ ወይም መስታወቱን በቀስታ ስትነኩት ከተነቃነቀ፣ ራሳችሁ ለማጥበቅ አትሞክሩ። መሑሴሜት መስታወት ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ «እኔ እበሳልሃለሁ» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። ለሱካም ሆነ ለልብስ ማስጫ ገመድ መከታው ላይ አትሰሩ። የሱካ ጨርቅ ነፋስ ሲይዘው እንደ መርከብ ሸራ ይጎትታል። ሲረን ሲጮኽ ደግሞ፣ ይህን ታውቁታላችሁ፣ ከመስታወት ርቆ ወደ ማማድ ነው። ከባድ ፍንዳታ ከተሰማ በኋላም ሳትደገፉበት በፊት መከታውን እዩት።

አሁን «ለማን ልንገር?» ወደሚለው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ቤት የገዛችሁ ወይም በፒኑይ ቢኑይ የገባችሁ ለካብላኑ ትነግራላችሁ፤ በ1973 የወጣው የቤት ሽያጭ ሕግ ለተወሰኑ ዓመታት ጉድለቱን እንዲያርም ያስገድደዋል። በስልክ ብቻ አትንገሩት፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ፎቶና ቀን ይኑረው። ተከራይ የሆናችሁ ለባለቤቱ ንገሩ፤ በ2017 በተሻሻለው የኪራይ ሕግ አስቸኳይ ብልሽት በ3 ቀን፣ ሌላው በ30 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። የተሰነጠቀ የበረንዳ መከታ ለእኔ አስቸኳይ ነው። በአሚዳር ቤት የምትኖሩ ደውላችሁ የማመልከቻውን ቁጥር ጠይቁና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ ከዜሮ እንዳትጀምሩ። የደረጃው መከታ ከሆነ ለቫአድ ባይት ነው። ስባሪው መንገድ ላይ በሰው ላይ ሊወርድ የሚችል ከሆነ ማንንም ሳትጠብቁ ለኢሪያው 106 ደውሉ፤ የአደገኛ ሕንፃዎችን ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለ።

«ሰው ማስቸገር አልወድም» የሚለው የጨዋነት ቃል መሆኑን አውቃለሁ፣ ከአያቴም ስሰማው ነው ያደግሁት። ካብላኑ ግን ገንዘቡን ተቀብሏል፣ የቤት ባለቤቱም ኪራዩን በየወሩ ይወስዳል። መከታውን ማሠራት የእነሱ ዕዳ ነው። ባለ ዕዳን ዕዳውን መጠየቅ ማስቸገር አይባልም፤ አገር ቤትም አይባልም ነበር።

ዕብራይስጡ የሚከብዳችሁ ካለ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን። ወደ ቢሮ ስትመጡ የመስታወቱን ፎቶ በስልካችሁ አንሥታችሁ አምጡ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን በረንዳው በሙሉ እንዲታይ ከራቅ ብሎ። በመስታወቱ ጥግ ላይ ትንሽ ማኅተም ካለች እሷንም አንሡ፤ ዓይነቱ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የኪራይ ውል ያላችሁ ውሉን አትርሱ። ፎቶ ማንሣት የማትችሉ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ ራሴ ቤት እመጣለሁ።