ቃልና ትርጉሙ በኦማሃና በፖንካ ቋንቋ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ እንድናገር በተፈቀደልኝ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ስፖርት ወይም ስለ ሳይንስ እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ብዙዎቻችሁ ስሙን እንኳ ሰምታችሁት የማታውቁትን ቋንቋ መረጥሁ። ነገሩ የተጀመረው በጂኦግራፊ ክፍል ነው። የአሜሪካን ካርታ ስናጠና ኔብራስካ በሚባለው ግዛት ውስጥ ኦማሃ የሚባል ከተማ አየሁ። ሁለቱም ስሞች እንግሊዝኛ አልመሰሉኝም። መምህራችንን ብጠይቃቸው «አንተው ፈልግና ለሁላችንም ንገረን» አሉኝ። እነሆ ፈልጌ ያገኘሁትን ይዤ ቀርቤአለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኦማሃ የአንድ ሕዝብ ስም ነው። ራሳቸው ኡሞንሆን ይላሉ፤ ትርጉሙም ወንዙን ሽቅብ የወጡ፣ ከውሃው ኃይል ጋራ እየታገሉ የሄዱ ማለት ነው ይባላል። ቁልቁል የወረዱት ዘመዶቻቸው ኳፓው ናቸው፤ የእነርሱም ስም ወንዙን ተከትለው የወረዱ ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ቤተ ሰብ የተለያየበትን መንገድ ያነብባል። ውሃ በቋንቋቸው ኒ ነው፤ ብዛስካ ደግሞ ጠፍጣፋ ማለት ነው። ኒ ብዛስካ ብለው የጠሩት አንድ ሰፊና ጥልቀት የሌለውን ወንዝ ነው። ፈረንሳዮች ትርጉሙን ወደ ራሳቸው ቋንቋ መልሰው ፕላት አሉት፤ ግዛቱ ግን የነባሮቹን ቃል ይዞ ኔብራስካ ተባለ። ጎረቤቶቻቸው ኦቶዎችም ከዚህ ጋራ የሚቀራረብ ቃል አላቸው። በነገራችን ላይ እዚህ «ዘ» ብዬ የጻፍሁት ድምፅ በእርግጥ ዘ አይደለም፤ ምላስ በጥርስ መካከል ገብታ የምታወጣው ነውና በፊደላችን ልኩ አይገኝም።

ፖንካዎችም ይህንኑ ቋንቋ ይናገራሉ፤ የኦማሃና የፖንካ አነጋገር ልዩነቱ ጥቂት ነው።

አሁን እኔን በጣም ወዳስገረመኝ ነገር ልምጣ። እኛ በአማርኛ የታወቀውን ነገር ስንጠራ በስሙ መጨረሻ ትንሽ ምልክት እንጨምራለን፤ «ልጁ»፣ «ልጅቱ» እንላለን። ምልክቱ ወንድና ሴት ይለያል እንጂ ልጁ ይቀመጥ ይቁም አይነግረንም። የኦማሃ ሰው ግን ይህን ሳይናገር ማለፍ አይሆንለትም። ከስሙ በኋላ የሚመጣው ትንሽ ቃል የነገሩን አኳኋን ይገልጣል። እንጨት ዦን ነው። ረጅም ሆኖ ጋደም ያለ ከሆነ «ኬ» ይከተለዋል፤ የቆመ ወይም ተሰብስቦ የተከመረ ከሆነ «ቴ»፤ ወዲያና ወዲህ የተበታተነ ከሆነ «ጌ»። ክብ ለሆነ ነገር ሌላ አለ። ወንዝ በምድር ላይ ተጋድሞ የሚኖር ነውና የኒዮብራራን ወንዝ ሲጠሩ በስሙ መጨረሻ «ኬ» ይላሉ። ለሰውም ለእንስሳም እንደዚሁ የተቀመጠው፣ የቆመው፣ የሚሄደው፣ የተኛው ለየራሱ ቃል አለው። እንግዲህ አንድ የኦማሃ ልጅ «ዱላውን አምጣልኝ» ሲባል ዱላው መሬት ላይ መጋደሙን ከዚያው ከቃሉ ይሰማል። የእኔ ታናሽ ወንድም ግን «የት ነው ያለው?» እያለ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ትእዛዝ አሰጣጣቸውም ከእኛ የተለየ ነው። እኛ የምንለየው የሚታዘዘውን ነው፤ ለወንድ «ና»፣ ለሴት «ነይ» እንላለን። በእነርሱ ዘንድ የሚለየው አዛዡ ነው። ወንድ ሲያዝ በመጨረሻ «ጋ» ይላል፤ ሴት ስታዝ «አ» ትላለች። በዝምድናም እንዲሁ ነው። እኛ የአባትንም የእናትንም ወንድም አጎት እንላለን። የኦማሃ ልጅ የአባቱን ወንድም እንደ ወላጅ አባቱ «ኢንዳዲ» ይለዋል። የእናቱ ወንድም ግን «ነጊ» ነው፤ የዚያ ሰው ልጅ ምንም ሕፃን ቢሆን እርሱም ነጊ ይባላል። ስለ ዝምድና የሚያጠኑ ሊቃውንት በሌላ አገር ተመሳሳይ አጠራር ሲያገኙ «የኦማሃ ሥርዓት» ይሉታል።

አዲስ ነገር ሲመጣም ቃል አላጡም። ፈረስ ወደ አገሩ የገባው ከስፔን ሰዎች ጋራ ነው፤ ከዚያ በፊት ጭነት የሚጎትትላቸው ውሻ ነበር። ዛሬ ፈረስን «ሾንገ» ይላሉ፤ በዘመዶቻቸው በኦሴጆች ቋንቋ ግን የዚህ ቃል ወንድም ዛሬም ውሻ ማለት ነው። ጭነቱ ወደ ፈረስ ሲዛወር ስሙም አብሮ ተዛወረ፤ ውሻም «ሺኑዳ» ተባለ። ገንዘብን «ሞንዘስካ» ይላሉ፤ ነጭ ብረት ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ እኛም በኪሳችን ያለውን ወረቀት ሳይቀር ብር እንለው የለም?

ፍራንሲስ ላ ፍሌሽ የሚባል የኦማሃ ተወላጅ በ1900 ዓ.ም. ስለ ልጅነቱ ትምህርት ቤት መጽሐፍ አሳትሟል። በቤታቸው ልጅ ሲናገር ቢሳሳት ታላላቆቹ ወዲያው ያርሙት እንደ ነበር ጽፏል። ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ግን በገዛ ቋንቋው መናገር የተከለከለ ነበር፤ የተላለፈም በበትር ይቀጣ ነበር። ይኸው ላ ፍሌሽ አድጎ ከአሊስ ፍሌቸር ጋራ በ1911 ስለ ኦማሃ ሕዝብ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

አሁን ስለ አንድ ቃል ልናገር። በዚህ ቋንቋ ሰው «ኒካሺንጋ» ነው። በ1877 የአሜሪካ መንግሥት ፖንካዎችን በኒዮብራራ ወንዝ ካለው አገራቸው አፈናቅሎ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ሩቅ ምድር ወሰዳቸው። በዚያም ብዙዎች በበሽታ አለቁ። ሞንቹ ናንዢን የሚባለው አለቃ፣ ትርጉሙም የቆመው ድብ ማለት ነው፣ ልጁ ሞተበት። ልጁ በአባቶቹ ምድር እንዲቀበር ለምኖት ነበርና በጥር 1879 አስከሬኑን ይዞ፣ ሠላሳ ያህል ሰዎችን አስከትሎ፣ በክረምቱ ብርድ ወደ ሰሜን ተነሣ። ቋንቋቸው አንድ ወደ ሆነው ወደ ኦማሃዎች በደረሰ ጊዜ ወታደሮች ያዙት።

ጠበቆች ቆሙለትና ጉዳዩ በኦማሃ ከተማ ለፍርድ ቤት ቀረበ። ሕጉ ያለ አግባብ የታሰረ ማንኛውም ሰው ዳኛ ፊት ቀርቦ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የመንግሥቱ ጠበቃ ግን ቀይ ሕንድ በዚህ ሕግ ሊጠቀም አይችልም ብሎ ተከራከረ። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ተጠቀለለ፤ ይኸውም በሕጉ ላይ የተጻፈው «ሰው» የሚለው ቃል ማንን ይጨምራል የሚል ነው። ዳኛው ኤልመር ዳንዲ ምን አደረጉ? የዌብስተርን መዝገበ ቃላት ገለጡ። እዚያ የተሰጠው ትርጉም ቀይ ሕንድንም ለማካተት የሚበቃ ሆኖ አገኙትና በግንቦት 12 ቀን 1879 በሕጉ ትርጉም ቀይ ሕንድም ሰው ነው ሲሉ ፈረዱ። ሞንቹ ናንዢን ተለቀቀ፤ የልጁንም አጥንት በአገሩ ቀበረ። ወላጆቻችን ሆይ፤ በመዝገበ ቃላት ላይ ስናፈጥጥ ስታዩን ጊዜ አባከናችሁ አትበሉን።

የእነርሱንም ቃላት የሰበሰበ ሰው አልታጣም። ጄምስ ኦዌን ዶርሲ በ1871 ወደ ፖንካዎች በሚሲዮናዊነት መጥቶ ቋንቋውን ተማረ፤ ከሽማግሌዎች የሰማውን ታሪክና ደብዳቤ በ1890 በትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ለመዝገበ ቃላቱ የጻፋቸውን እጅግ ብዙ ቁራጭ ወረቀቶች ግን ሳያሳትም በ1895 ሞተ። ወረቀቶቹ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቀምጠው ቆይተው፣ በእኛ ዘመን የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በኮምፒዩተር ያሰናዷቸው ጀመር።

ዛሬ ቋንቋውን ከእናታቸው የተማሩ ሽማግሌዎች በጣም ጥቂት ናቸው። በሜሲ መንደር ባለው የኦማሃ ሕዝብ ትምህርት ቤት ግን ለላ ፍሌሽ የተከለከለው ቋንቋ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጣል። ያ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲው በአንድነት ያዘጋጁት የመማሪያ መጽሐፍ በ2018 ታትሟል፤ ርእሱም «ኡሞንሆን ኢዬ ቴ» ብሎ ይጀምራል፤ የኦማሃ ንግግር ማለት ነው። በመጨረሻ ያለችው «ቴ» ቅድም ለቆመና ለተሰበሰበ እንጨት የነገርኋችሁ ናት።