በቅጥሩ ሥራ ላይ የነበሩ ሴቶች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



መጽሐፍ ቅዱስ ሴቶችን እንዴት ይመለከታል ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር ቶሎ የሚጠቀሱት የሔዋን ስሕተት፣ የደሊላ ተንኰል፣ እንዲሁም ሐዋርያው ጳውሎስ ሴቶች በጉባኤ ስለ መናገራቸው የሰጠው ትእዛዝ ናቸው። ይሁን እንጂ ለግንባታ ሙያ ቅርብ የሆነ ሌላ መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ሥራና ሠራተኛ በተቈጠረበት ስፍራ ሴት ተቈጥራለች ወይስ አልተቈጠረችም የሚለው ነው።

አስቀድሞ ግን መልሱ አንድ ወጥ እንዳልሆነ ማስገንዘብ ይገባል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27 ስለ ስእለት በወጣው ግምት፣ ዕድሜው ከ20 እስከ 60 ዓመት ለሆነ ወንድ 50 የብር ሰቅል ሲወሰን፣ በዚያው ዕድሜ ላለች ሴት የተወሰነው 30 ሰቅል ነው። ይህን ሸሽጎ ማለፍ መጽሐፉን ማክበር አይሆንም።

ያው ኦሪት ስለ መገናኛው ድንኳን ሥራ ሲተርክ ግን ሌላ ገጽ ይገልጣል። የሥራው አለቆች ባስልኤልና ኤልያብ ነበሩ፤ ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውንና ቀዩን ግምጃ፣ ጥሩውን በፍታና የፍየሉን ጠጉር የፈተሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ስለ ወንዶቹ ባለሙያዎች የተነገረው የልብ ጥበብ በዘፀአት ምዕራፍ 35 ስለ እነዚህ ሴቶችም ያለ አንዳች ቅናሽ ተነግሯል። በግምት የተለያዩት በጥበብ ተካከሉ።

በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 7 ደግሞ፣ የወንዶች ስም በሞላበት የኤፍሬም ትውልድ ቈጠራ መካከል፣ ሼራ የምትባል ሴት ላይኛውንና ታችኛውን ቤትሖሮን፣ በስሟ የተጠራችውን ኡዜንሼራንም እንደ ሠራች ተጽፏል። ቤትሖሮን ከባሕር ዳር ሜዳ ወደ ኢየሩሳሌም ተራሮች የሚያወጣው ዳገት የሚጠበቅበት ስፍራ ነው፤ ኋላም ንጉሥ ሰሎሞን በቅጥርና በመዝጊያ አጽንቶታል። ሼራ የሠራችው እንግዲህ የአገር በር የሆነ ከተማ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉባኤ የሚቀርበው የመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ የፈረሰው የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ሲታደስ፣ ሥራው በየድርሻው ተከፍሎ ማን የትኛውን ክፍል እንደ ሠራ ተመዝግቧል። ካህናት፣ ወርቅ አንጥረኞች፣ ሽቶ ቀማሚዎችና ነጋዴዎች በመዝገቡ ይገኛሉ። የኢየሩሳሌም ግዛት እኩሌታ አለቃ የነበረው ሰሎምም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ድርሻውን አድሷል። የቴቁሔ ታላላቆች ግን በሥራው ለመድከም እንዳልፈቀዱ በዚያው ምዕራፍ ተጽፏል። መኳንንቱ የሸሹትን ሸክም የአለቃ ልጆች ተሸከሙት፤ መዝገቡም ሁለቱንም ሳይሸሽግ አስቀመጠ።

አንዳንድ ተርጓሚዎች በዚህ ስፍራ ሴቶች ልጆች የተባሉት፣ በዕብራይስጥ ልማድ፣ የግዛቱ መንደሮች ናቸው ይላሉ። በእርግጥ በምዕራፍ 11 ቃሉ ለመንደሮች ተነግሯል፤ ዳሩ ግን በዚያ የተያያዘው ከከተማ ስም ጋር ሲሆን፣ በምዕራፍ 3 ከሰው ስም ጋር ነው። ግልጹን ትርጉም ትቶ መንደር ፍለጋ የሚወጣው፣ ሴት ድንጋይ አትክብም ብሎ አስቀድሞ የወሰነ አንባቢ ነው።

በኢትዮጵያ የግንባታ ቦታዎች ድንጋይ የሚያቀብሉ፣ አሸዋ የሚነፉ፣ በባሬላ አፈር የሚያመላልሱ ሴቶች ለሙያው ሰው እንግዳ አይደሉም። የሥራው ዘገባ ሲጻፍ ግን ብዙውን ጊዜ የቀን ሠራተኛ በሚል ድምር ይጠቃለላሉ፤ በምረቃው ዕለትም የሚያነሣቸው የለም። ተምራ የተመረቀች መሐንዲስ እንኳ ቢሮ ይሻልሻል የምትባልበት ጊዜ አለ። ይህን አሠራር በቅዱስ መጽሐፍ ለመደገፍ የሚሞክር ቢኖር፣ ከ2,400 ዓመት በፊት የተሠራው ቅጥር መዝገብ ይቃወመዋል።

በዚያ መዝገብ የሰሎም ልጆች ሥራ እንጂ ስም አልተጻፈም። የዛሬውን መዝገብ የሚጽፉት የዚህ ማኅበር አባላት ናቸውና፣ ሥራውን ከነስሙ ማስፈር የእነርሱ ፈንታ ነው።